ፎስፈረስን እየተከተልን

ነቀምቴ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው በኬሚስትሪ ደብተሩ የአሲድና የቤዝ እኩልታ አሳምሮ ያመጣጥናል፤ በባዮሎጂ ደብተሩ የሥርን ክፍሎች ስሎ ይሰይማል። «የአባትህ በቆሎ ማዳበሪያ ተጨምሮለት ለምን ቀጨጨ?» ሲባል ግን ከሁለቱም ደብተር መልስ አያወጣም። ዕውቀቱ አለው፤ የጎደለው ማገናኛው ነው።

እኔ የምጀምረው ከአፈሩ ነው። ወለጋ ዝናብ አይለያትም። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየምና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ታች አውርዷል፤ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ተተክተዋል። በነጆና በጊምቢ ገበሬውን የሚያስመርረው አሲዳማ አፈር የመጣው እንዲህ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በማዕድን ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፤ ውሃና ምግብ ፍለጋ ርቆ መሄድ ያቅተዋል።

ከዚህ በኋላ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ እሰጣለሁ፤ ከማዳበሪያው የወጣውን ፎስፈረስ ተከተሉ። የት ደረሰ? ከምን ጋር ተያያዘ? በአሲዳማ አፈር አብዛኛው ፎስፌት ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣምሮ በቀላሉ የማይሟሟ ውህድ ይሆናል። ብዙዎቹ እዚህ ላይ እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ፤ የኬሚስትሪው ትምህርት አልቋልና። «ያመለጠውስ?» እላለሁ። ያመለጠው በሥር ጸጉር በኩል ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ የኤቲፒና የዲኤንኤ አካል ይሆናል። ካልገባ ግን ሕዋሱ ኃይል የሚያመላልስበትም፣ ሲከፋፈል የሚያባዛውም ያጥረዋል። የበቆሎው መቀጨጭና የቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ማድላት ምክንያት የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ እጃችንን አፈር እናስነካለን። ከአንድ ማሳ የመጣ አፈር በሁለት ጣሳ እናደርጋለን፤ በአንዱ የእርሻ ኖራ እንቀላቅላለን፤ ሁለቱንም ጥቂት ሳምንት በእርጥበት አቆይተን ገብስ እንዘራለን። ገብስ አሲድ አይችልም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ቶሎ ይለያል። ከመዝራታችን በፊት እያንዳንዱ ግምቱን ከነምክንያቱ ይጽፋል። በዚህ አልደራደርም፤ ያልገመተ ተማሪ ውጤቱን አይቶ ያልፈዋል። «ኖራ ማዳበሪያ ስለሆነ ያበቅላል» የሚል ግምት ሁሌም ይኖራል። ያኔ ወደ እኩልታው እንመለሳለን፤ ካርቦኔቱ ሃይድሮጅኑን ይዞ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ፒኤች ከፍ ሲል አሉሚኒየሙ ተመልሶ ከማይሟሟ ውህድ ውስጥ ይገባል። ፒኤች ከ5 ወደ 6 ሲወጣ አሲድነቱ በ10 እጥፍ እንደሚቀንስ የሚገባቸውም ቡቃያውን ነቅለው፣ ሥሩን አጥበው፣ ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩን ግን በአፋን ኦሮሞ እንዲያካሂዱ እተዋቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ በቃል የተያዘ ዓረፍተ ነገር ባዶነቱን ይደብቃል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ «እና ከዚያስ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ግን ያልገባውን መሸፈን አይችልም።

መንገዱ ለሌላም ይሠራል። አዮዲንን ከገበታ ጨው እስከ ታይሮይድ ዕጢ የተከተለ ተማሪ እንቅርት ለምን እንደሚወጣ ራሱ ይደርስበታል። ብሔራዊ ፈተናው ሁለቱን ትምህርቶች ለየብቻ ስለሚጠይቅ እኛ መምህራንም ለየብቻ እናስተምራለን። ሴሚስተሩ ሳይጀመር የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህር አብረው ተቀምጠው የሚከተሉትን አንድ ንጥረ ነገር ቢመርጡ፣ አንዱ ካቆመበት ሌላው ቢቀጥል፣ አዲስ መጽሐፍም አዲስ ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ተማሪውም የአባቱን ማሳ በተማረው ዕውቀት መመርመር ይችላል።