ብሩን የሚቆጥረው ጀልባ ቀዛፊ

ጁባ፣ ካቶር ውስጥ፣ ከቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል ብዙም በማይርቅ ግቢ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ እንከባለን። የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው፤ አራቱ የየራሳቸውን ጀግና ይዘው ይጫወታሉ። እኔ አጫዋች ነኝ፤ ጀግኖቹ መንገድ ላይ የሚያገኙት ዘበኛም፣ ንግሥትም፣ ሌባም በእኔ አፍ ይናገራል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ በስልክ መብራት እንቀጥላለን።

ስጀምር ለአንድ ነጋዴ ሦስት ገጽ ታሪክ ጻፍኩለት። የተወለደበት መንደር፣ የሞተችበት ሚስት፣ ከወንድሙ ያጣላው ርስት፣ ሁሉም አለ። ጀግኖቹ ሱቁ ገቡ፣ ገመድ ገዙ፣ ወጡ። ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም።

በዚያው ማታ ወንዝ ዳር ደረሱ። ጀልባ ቀዛፊ አላዘጋጀሁም። ጠዋት ኮኞ ኮኞ ገበያ ያየሁት የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ትዝ አለኝ። ላስቲኩን ፈትቶ፣ ጣቱን በምላሱ እያራሰ፣ የነተበ የፓውንድ እስር ይቆጥር ነበር። ደንበኛ ሲጠራው ቀና ሳይል “ማፊ” አለ፤ በጁባ ዓረብኛ “የለም” ማለቱ ነው። ሞተሩ እኮ አጠገቡ ቆሟል! ሰውየውን እንዳለ አንስቼ ጀልባው ላይ አስቀመጥኩት።

“አባቴ፣ አሻግሩን እንጂ” አለ አንደኛው ተጫዋች።

“ማፊ።”

“ጀልባው ይኸው አይደል እንዴ?”

“ቆይ ልጄ፣ አታሳስተኝ። አርባ ሦስት... አርባ አራት...”

ግማሽ ሰዓት ተከራከሩት። አንዷ አብራው ልትቆጥር ተቀመጠች፤ ሁለት ሳንቲም ጎደለ። ከዚያ በኋላ እኔ ያሰብኩት ጉዞ ቀረና የሁለት ሳንቲም ሌባ ፍለጋ ሆነ። ነጋዴዬን ያስረሳው ይህ ቀዛፊ ስምም ታሪክም አልነበረውም። የነበረው ጣጣ ነው፤ እነሱ ባይመጡም የሚቀጥል ጣጣ። ነጋዴው ግን እነሱ እስኪገቡ ድረስ እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው ነበር።

የዚህ ጨዋታ ዓይነት አባት የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አንድ ቀላል ሠንጠረዥ አስገብተውበት ነበር። ሁለት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ይጣላል። ከ2 እስከ 5 ከወጣ የተገናኘው ፍጡር ፊቱን ያጠቁራል፣ ከ9 እስከ 12 ከወጣ በበጎ ይቀበላል፣ ከ6 እስከ 8 ከወጣ ገና አልወሰነም። ሒሳቡን ብትሠሩት ከ36 ዕድል 16ቱ የሚወድቀው እዚያ መሐል ላይ ነው። እኔ ዳይሱን ትቼ ሁልጊዜ ከመሐሉ እጀምራለሁ። ጠላት ይመታል፣ ወዳጅ ይሰጣል፣ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ያልወሰነን ሰው ግን ማግባባት ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ያኔ ነው ፊቱን ማየት የሚጀምረው።

ድምፅ መቀያየርም ሞክሬ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። አልሆነልኝም፤ ንግሥቲቱ ጉንፋን የያዛት መሰለች። ከዚያ መጽሐፍ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ፍቅሩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው። ሰው ግን ወግ አጥባቂን የሚነቅፍ ጓደኛውን ዛሬም በዚያው መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ስም “ጉዱ ካሣ” ይለዋል። ካሣ ዳምጤ የሚለውን ሙሉ ስሙን ስንቱ ያስታውሳል? የሚታወሰው ሁሉ ላደረለት ወግ አላድርም ማለቱ ነው።

አሁን ለአንድ ሰው ሦስት መስመር እጽፋለሁ፦ ሲደርሱበት ምን እየሠራ ነው፣ ምን ጎድሎታል፣ የመጀመሪያ ቃሉ ምንድን ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ሻጭ አመጣሁ፤ የዱቤ ደብተሯን እያገላበጠች “የናንተ ሰው ነው ያልከፈለኝ” ብላ ጀመረች። ማንም ሻይ ሳያዝ አንድ ሰዓት አለፈ።

ቀዛፊው በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ አሻገራቸው፤ ቀሪውን ሲመለሱ ሊከፍሉት ቃል ገቡ። ሰባት ወር ሆነው። በዚያ ወንዝ በኩል ማለፍ በመጣ ቁጥር አራቱም አንድ ላይ ዙሪያውን እንሂድ ይላሉ።