ዳዋ ሲለብስ ባለቤቱ ማን ነው?

ዛሬ ዛሬ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ በርክቷል። የፈረሰ ግንብ፣ በላዩ የበቀለ ቀጋ፤ የዛገ ታንክ፣ በሰንሰለቱ መሀል የወጣ ሣር፤ ጣራው የተገነጠለ ቤት፣ በመስኮቱ ብቅ ያለ ቅጠል። ከሥሩ የሚጻፈው ደግሞ አይለወጥም፤ «ተፈጥሮ የራሷን መልሳ ወሰደች»። ፎቶግራፉ ያምራል፤ እሱን አንክድም። እኛን የከነከነን ከሥሩ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። እስቲ እንመርምረው።

አማርኛችን ለዚሁ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ዳዋ። እርሻው ዳዋ ዋጠው፣ ግቢው ዳዋ ለበሰ እንላለን። እንዲህ የሚል ሰው ግን ቅጠሉን እያደነቀ አይደለም። «ባለቤቱ የት ሄደ? ምን አገኘው? ዘመድ እንኳ የለውም ወይ?» ማለቱ ነው። ወና ቤት ስንልም እንደዚሁ ነው፤ በቃሉ ውስጥ የጎደለ ሰው አለ። «ተፈጥሮ የራሷን ወሰደች» ሲባል ግን ሰውየው ከነአካቴው ይወጣል። ማን ሠራው፣ ማን ተወው፣ ማን አፈረሰው የሚለው ጥያቄ ተዳፍኖ ይቀራል። ክርክራችን ይሄ ነው።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን አንኮበርን እንውሰድ። ጉም፣ ጥድ፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈ ግንብ፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚያነሣው ይህንን ነው። በኮረብታው ላይ ኋላ የድሮውን አሠራር የመሰለ ሎጅ ተሠርቷል። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ ይቀራል፤ ዱር ለመምሰል አይመችማ!

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ መጣ። አብሮት የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሣላቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ አሳተመ። የዚያን ዘመን አንኮበር የሣር ክዳንና የእንጨት አጥር ከተማ ነበረች። እንጨቱ ከዱር፣ ክዳኑ ከሜዳ፣ ምርጊቱ ከጭቃ። እንዲህ ያለ ቤት በየጊዜው ካልከደኑትና ካልመረጉት አይቆምም፤ የሚያቆመው እጅ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ፣ በ1886 ደግሞ አዲስ አበባን ቆርቁረው ወደዚያው ሲያቀኑ ያ እጅ ቀስ በቀስ ተከትሏቸው ሄደ። እንግዲህ አንኮበርን ከከተማነቷ ያወረዳት ዱር አይደለም፤ የመንግሥት መዛወር ነው። ዳዋው የመጣው ኋላ፣ በሩን ክፍት ካገኘ በኋላ ነው።

ዛፉም ቢሆን ይጠየቅ። በደጋው ሸዋ በየፍርስራሹ ጀርባ ቆሞ የምናየው ባሕር ዛፍ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። ወደ አገራችን የገባውም በዚያው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ አዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲቸግራት ነው። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ከተነሣ በኋላ ማለት ነው። ገበሬ ተክሎ፣ ጠብቆ፣ ቆርጦ የሚሸጠውን ዛፍ «የራሷን የወሰደች ተፈጥሮ» ማለት ሰብልን ዱር ብሎ መጥራት ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በካምቦዲያ የታ ፕሮም ቤተ መቅደስ የዛፍ ሥር ግንቡን አቅፎ የሚታየው የቅርስ ጠባቂዎች አስበው እንደዚያ ስለተዉት ነው፤ ዛፉም ድንጋዩም ይጠበቃል። ማርሻንና ሜፍር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ2010 የዲትሮይትን ፍርስራሾች በፎቶግራፍ መጽሐፍ ሲያወጡ አድናቆት ጎረፈላቸው። ግን እንዲህ ባሉ ሥዕሎች ላይ አንድ ወቀሳም ተነሣ፤ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሰው የሌለበት መስሎ ታየ የሚል።

ይህ ሁሉ የሥነ ውበት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። ግን በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ አጣዬ ላይ፣ በ2013 ዓ.ም. ቤቶች ነደዱ፤ ሕዝቡም ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ዘለቀ። በተቃጠለ ግድግዳ ላይ ክረምት ሲገባ ሣር መብቀሉ አይቀርም። ታዲያ ያንን ሣር አንሥቶ «ተፈጥሮ አሸነፈች» ማለት ምን ማለት ነው? ማንን ነው ያሸነፈችው? የቤቱ ባለቤት ቤቱን አልተወውም፤ ተባረረ እንጂ። የተተወና የተነጠቀ ቤት ለካሜራ አንድ ናቸው፤ ለባለቤቱ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ከፎቶግራፉ ፊት ቆሞ «ይሄኮ የኛ መስኮት ነው!» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ለሱ ምን ልንለው ነው?

የዛገው ታንክም እንዲሁ ነው። በሰሜኑ መንገዶች ዳር በ1983 ዓ.ም. ካበቃው ጦርነት የተረፉ ታንኮች ለብዙ ዓመታት ሲነሡ ኖረዋል። ሣር የበቀለበት ታንክ የሰላም ምልክት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይህን መጽናኛ አንንቅም፤ ከብረት ይልቅ ሣር ይሻላል። ግን መጽናናት የሚመጣው ካለቀሱ በኋላ ነው። በታንኩ ውስጥ የነበሩት የማን ልጆች እንደነበሩ ሳይጠየቅ የሚበቅል ሣር ልቅሶውን ያስረሳል እንጂ አያጽናናም።

ታዲያ ካሜራችንን እንስቀለው? የለም! አንድ ጥሩ ምሳሌ አለን። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት በመንገዱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ያን ኒሰን የተባለው የቤልጅግ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ ፈልገው፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። አገሩ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ብቻ ሄደ ሲባል የኖረው ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ከ1868ቱ ይልቅ ዛፍ የበዛበት ቦታ ብዙ ነበር። ከዚህም ጀርባ ሰው አለ፤ እርከን የሠራ፣ ተራራ የከለለ፣ ባሕር ዛፍ የተከለ። ሁለቱ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቅጠሉም እጁም አብረው ይታያሉ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ዝም ባለ ነበር።

እኛም የበርናትስ ሥዕሎች አሉልን። ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ሎጁንም ባሕር ዛፉንም የሚያልፈውንም ገበሬ ሳይቆርጡ ማንሣት ይቻላል።

ስለዚህ በዕረፍት ካሜራም ሆነ ስልክ ይዛችሁ የምትወጡ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ስትጠብቁ ጎረቤቱን ጠይቁ። ቤቱ የማን እንደነበር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተለቀቀ፣ ለምን እንደተለቀቀ የሚነግራችሁ አይጠፋም። የነገሯችሁን ከፎቶግራፉ ሥር ጻፉና አምጡልን። በዚህ ወረቀት ላይ ሥዕሉ ደብዝዞ ይወጣ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።