ከድልድይነቷ በፊት መምህርነቷ፦ ትሱዳ ኡሜኮ በክፍሏ ውስጥ

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ባለ 5,000 የን ኖት ላይ የትሱዳ ኡሜኮ ምስል አለ። ክብሩ ይገባታል። ስለ እሷ የሚነገረው ግን ዛሬም ከአንድ ታሪክ ብዙም አይርቅም፤ በ1871 የጃፓን መንግሥት ወደ ምዕራቡ ዓለም ከላከው ከኢዋኩራ ልዑክ ጋር በስድስት ዓመቷ ወደ አሜሪካ የተላከችው፣ ከ11 ዓመት በኋላ አፍ የፈታችበትን ቋንቋ ረስታ የተመለሰችው ልጅ ታሪክ። በዚህ ትረካ ትሱዳ የምሥራቅና የምዕራብ ድልድይ ናት። ድልድይ ግን አያስተምርም። የሥራዋ ቁም ነገር በችኮላ የሚታለፈው የማስተማር ስልቷ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1900 ቶኪዮ ውስጥ የሴቶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቷን በተከራየችው ቤት ስትከፍት ተማሪዎቿ 10 ነበሩ። በመክፈቻው ንግግሯ ከሕንፃና ከቁሳቁስ ይልቅ የመምህርን ብቃትና የተማሪን ትጋት አስቀደመች። የሰው መልክ እንደሚለያይ ሁሉ ጠባዩም ስለሚለያይ፣ እውነተኛ ትምህርት የሚሰጠው በትንሽ ክፍል ነው አለች። ይህን የድህነት ማስተባበያ አድርጎ የሚያነብ ይሳሳታል። በዘመኑ በብዙ የጃፓን ክፍሎች እንግሊዝኛ ማለት ጽሑፍን ቃል በቃል ወደ ጃፓንኛ መፍታት ነበር፤ ስለ አነባበቡ የሚጨነቅ ጥቂት ነበር። የትሱዳ ተማሪ ግን ትምህርቱን አስቀድማ ተዘጋጅታበት መምጣት ነበረባት። የተሳሳተ ድምፅ ከአፏ ከወጣ እስኪቃና ደግማ ደጋግማ ትለዋለች። እንዲህ ያለ እርማት የእያንዳንዷን ልጅ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ይጠይቃል፤ ክፍሉ ትንሽ መሆን የነበረበትም ለዚህ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከየት መጣ? በአሜሪካው ብሪን ማር ኮሌጅ ሥነ ሕይወት ስታጠና ከተመራማሪው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ጋር የእንቁራሪት እንቁላልን መርምራለች፤ የጋራ ጽሑፋቸው በ1894 ታትሟል። ክፍሏ ውስጥ የማየው ያንኑ የተመራማሪ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱም እንጀራ ሆነ፤ ከ1905 ጀምሮ ተመራቂዎቿ ያለ መንግሥት ፈተና የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ አገኙ። የባህል ትውውቅ ለሴት ልጅ በሙያዋ የምትተዳደርበት ደመወዝ ካላስገኘላት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም በዚያው የመክፈቻ ንግግር ተማሪዎቿን ትሑትና ጨዋ እንዲሆኑ፣ የሰው ዓይን እንዳይስቡ መክራለች። አዲስ የሴቶች ትምህርት ቤት በሐሜት ሊፈርስ ይችል ነበርና ምክሩ ብልሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ብልሃት ብቻ አድርጌ ልቀበለው አልችልም። ዕውቀት ሰጥቶ ድምፅን ዝቅ አድርጊ ማለት የሰጡትን በከፊል መልሶ መንጠቅ ነው፤ በትሱዳ ሥራ ላይ ከዚህ የከፋ ጉድለት አላይም።

ደግነቱ ክፍሏ ከምክሯ በረታ። ከትምህርት ቤቷ በ1912 የተመረቀችው ያማካዋ ኪኩዌ ሶሻሊስት ጸሐፊ ሆና የሴቶችን ጭቆና በብዕሯ ሞገተች፤ በ1947ም በሠራተኛ ሚኒስቴር የሴቶችና የወጣቶች ቢሮ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች። እርግጥ ያማካዋን ያማካዋ ያደረጋት ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም። ቢሆንም አንድን ዓረፍተ ነገር እስኪጠራ እንድትመረምር የሠለጠነች ተማሪ፣ የተነገራትን ሁሉ እንዳለ እንድትቀበል ማድረግ ይከብዳል። ስለዚህ የትምህርት ልውውጥን ባሕር በተሻገሩ ተማሪዎች ብዛት የሚለካ ሁሉ መለኪያውን ይፈትሽ፤ ትሱዳን ታላቅ ያደረጋት በልጅነቷ መላኳ ሳይሆን፣ ከተመለሰች በኋላ በእያንዳንዷ ተማሪ ፊት የቆመችበት ትጋት ነው።