ምን ጎደለ?

«ጋሼ፣ የቴዲ አፍሮ ሁሉም አለ፤ ጥራቱ እንደ ሲዲው ነው!» አለኝ ሾላ ገበያ ፍላሽ የሚሞላ ልጅ። አስሞላሁ፤ ጥፋቴን አልክድም።

ልጁ አልዋሸም። ኤምፒስሪ ጆሮ አይለየውም ያለውን እየቆረጠ ይጥላል፤ ይሄኛው ግን በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካውን የሲዲ ድምፅ እንዳለ ይዟል። ቤዝ ጊታሩ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ግን «ያስተሰርያል» (1997)፣ «ጥቁር ሰው» (2004) እና «ኢትዮጵያ» (2009 ዓ.ም.) በፊደል ተራ ተደበላልቀዋል። ግጥሙንና ዜማውን ባብዛኛው ራሱ የሚደርስ ሰው አልበሙን እንደ መጽሐፍ ነው የሚያዋቅረው። ሳስተምር፣ ገጹ የተዘበራረቀ ልቦለድ ይዞ «ሙሉ ነው» የሚለኝን ተማሪ ምን እለው ነበር? የአቀናባሪዎቹ ስም ያለበት ወረቀት የለም፤ ለደራሲው የሚደርስ ሳንቲምም የለም። ድምፁ ሳይቀነስ ባለቤቶቹ ተቀነሱ።