እንቁላሉን ማን ታቀፈው?

አልጋችን ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አንድ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በማስመሪያ የሠራሁት የ30 ቀን ሠንጠረዥ ይታያል፤ ሠንጠረዡ ላይ 9 የኤክስ ምልክቶች አሉ። ከ9ኛው በኋላ ያለው ባዶ ነው። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ 20 ገጽ ማንበብ፣ አንድ ገጽ መጻፍ። በ10ኛው ቀን የስልኬ ደወል ሲጮህ ከእኔ በፊት የነቃችው አብራኝ የምትተኛው ታናሽ እህቴ ነበረች። «ፈተና አለብኝ እኮ፣ አንቺ!» አለችኝ። ደወሉን አጠፋሁት፤ ሠንጠረዡም እዚያው ቀረ።

ያንን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ የማየው እንደ ስንፍናዬ ማስረጃ ነበር። አሁን ግን ፍርዱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ለዚህም ነው ሠንጠረዡን እንድሠራ ያደረገኝን መጽሐፍ እንደገና ያነበብኩት።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የጄምስ ክሊር «አቶሚክ ሃቢትስ» ነው። ምናልባት ፒዲኤፉ እናንተም ስልክ ላይ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ትልልቅ ግብ ከመደርደር ይልቅ በየቀኑ የምትደግሙትን ትንሽ ነገር አስተካክሉ። አዲሱ ልማድ በዓይን የሚታይ፣ የሚማርክ፣ ቀላልና የሚያረካ ይሁን። በሁለት ደቂቃ ሥራ ጀምሩ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ ሁለተኛው እንዳያመልጣችሁ። በየቀኑ አንድ በመቶ ብትሻሻሉ በዓመቱ መጨረሻ 37 እጥፍ ትሆናላችሁ።

የመጨረሻዋን ሒሳብ በካልኩሌተር ሞክሯት፣ ትክክል ናት። ግን እንዲህ የሚያድገው ወለድ ነው። ዛሬ 20 ገጽ ያነበበ ሰው በዓመቱ በቀን 740 ገጽ አያነብም። እሺ፣ እሷን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር እንለፋት።

መጽሐፉን ከሌላው የ«ተነሳሱ» ጽሑፍ የሚለየው ትልቅ ቁም ነገር አለው። ጽናት የለህም ብሎ አይገሥጽም። ጠንካራ የሚመስሉን ሰዎች በአብዛኛው ፈተና እንዳይበዛባቸው አካባቢያቸውን ያመቻቹ ናቸው ይላል። ጊታር መለማመድ ከፈለጋችሁ ጊታሩን ሳሎኑ መሃል አስቀምጡት፤ ስልክ ካስቸገራችሁ ሌላ ክፍል ተዉት። ልክ ነው። ጥያቄዬ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፦ ሳሎኑ የማን ነው? «ሌላ ክፍል» የሚባለውስ የት ነው ያለው? እኛ ቤት ሳሎኑ ማታ መኝታ ቤት ይሆናል። ጊታሩን መሃል ላይ ባስቀምጠው ሌሊት የሚወጣው አባቴ ይረግጠዋል።

ክሊር የሚያናግረው ሰው የጠዋቱ ጌታ ነው። የራሱ በር፣ የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ መብራት አለው። አንዱን ልማድ ከሌላው ላይ ስለመደረብ ሲያስተምር ካመጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው፦ ጠዋት ቡናዬን ከቀዳሁ በኋላ ለአንድ ደቂቃ በተመስጦ እቀመጣለሁ። ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ቡና አንድ ሰው ለራሱ ቀድቶ የሚሄደው ነገር አይደለም። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ወሬው ይሞቃል። በመሃል ዓይኔን ጨፍኜ ብቀመጥ እናቴ «አሞሻል እንዴ?» ነው የምትለው።

ይህን ለቀልድ ብቻ አላነሳሁትም። የሚደረበው ልማድ ከሥሩ ቋሚ ነገር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ96 ሰዎች ላይ የሠሩት ጥናት ታትሟል። ተሳታፊዎቹ አንድ ድርጊት መርጠው በየቀኑ በተመሳሳይ አጋጣሚ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ ይፈጽሙት ነበር። ድርጊቱ ያለ ሐሳብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል ጉዳት አላመጣም። እኔ ግን የተመለከትኩት «በተመሳሳይ አጋጣሚ» የምትለዋን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠዋት የሚወሰነው በቧንቧው ነው። የታክሲ ሰልፍ አንድ ቀን 10 ደቂቃ፣ በማግስቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ኑሮ ያለው ወጣት ልማዱ ሲፈርስበት «እኔ ነኝ ችግሩ» ካለ፣ ስሌቱ ውስጥ የተረሳ ነገር አለ።

የተረሳውን ያገኘሁት በራሳችን ተረት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል የክሊርን መጽሐፍ በአምስት ቃል እንጨርሰዋለን። ስናድግ ሁላችንም ተነግሮናል። ግን እንቁላሉ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቀስ በቀስ ምን ይሆናል? ይገማል። በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው። ጫጩቱ ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅበታል። ይህ ቁጥር «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል» ከሚለው ወሬ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው። ወሬው የሚጠቀሰው ከማክስዌል ማልዝ የ1960 መጽሐፍ ነው፤ ማልዝ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። የጻፈውም ታካሚዎች አዲስ መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ በመንገድ ላይ ጠፋች። ከተረታችን ደግሞ ዶሮዋ ጠፍታለች።

ከክሊር መጽሐፍም ጠፍታለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚከፈተው በእንግሊዝ የብስክሌት ቡድን ታሪክ ነው። ዴቭ ብሬልስፎርድ የሚባል አሠልጣኝ ጥቃቅን ነገሮችን አንድ በአንድ ያሻሽላል፤ ትራስና ፍራሽ ያስመርጣል፣ የእጅ አስተጣጠብ ያስተምራል፣ አቧራ እንዲታይ የመኪናውን ውስጥ ነጭ ቀለም ያስቀባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በትራክ ውድድር ከነበሩት 10 ወርቆች 7ቱን ወሰዱ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ትራሱን የመረጠው ጋላቢው ብቻውን አይደለም። ከጀርባው አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ መካኒክ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ከብሔራዊ ሎተሪ የሚመጣ ገንዘብ ነበር። ምሳሌው የሚያሳየው ብዙ ሰው አንዱን እንዴት እንደታቀፈው ነው፤ ትምህርቱ ግን «አንተ ብቻህን አንድ በመቶ ተሻሻል» ሆኖ ወጣ።

እኛስ ልማድ መገንባት አናውቅም? ለ30 ቀን ስኳር መተው ያቃተው ጓደኛዬ ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ሳይነካ ይጨርሳል። ሌላው ጓደኛዬ ረመዳንን ሙሉ ለሱሁር ይነሳል፤ ከረመዳን በኋላ ግን ለስፖርት መነሳት ሞት ነው። የእምነቱን ጉልበት አልክድም። ግን ዙሪያውንም ተመልከቱ፦ ወጥ ቤቱ አብሮ ይጾማል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ሰፈሩ አብሮ ይነቃል። ውሳኔው በየቀኑ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይወድቅም።

ዕቁብን ውሰዱ። ባንክ ውስጥ ለራሷ 500 ብር ማቆየት የማትችል ሴት የዕቁቧን አንድ ሳምንት አታስተጓጉልም። ዳኛው ይጠብቃታል፣ ጸሐፊው ይመዘግባታል፤ ዕጣው ቀድሞ ከወጣላትም ዋስ አስጠርታለች። ክሊር መጨረሻ አካባቢ ላይ የሚመክረው የልማድ ውልና ተቆጣጣሪ ጓደኛ በእኛ ሰፈር ከነ ዳኛው አለ።

ማይክል ክሮውሊ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ከአትሌቶቻችን ጋር አብሮ ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 «አውት ኦፍ ቲን ኤር» የተባለ መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ እንደሚነግረን ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ይሮጣል እንጂ አይለወጥም ብለው ያምናሉ፤ ለመለወጥ ከሰው ጋር፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ መሮጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። አንደኛው ጠዋትህን ንድፍ አውጣለት ይላል፤ ሌላኛው ከማን ጀርባ ነው የምትሮጠው ብሎ ይጠይቃል።

ነገሩን ግን አላሳምረው። የታቀፈ ሁሉ አያሞቅም። ይሉኝታ ዕቁብ ያስከፍለናል፤ ያው ይሉኝታ «እምቢ» ማለት ስላቃተን ከሰዓቱን ሙሉ ጫት ቤት ያስቀምጠናል። ሴት ልጅ ደብተር ስትከፍት «እስኪ ሽንኩርቱን ላጪ» የሚላት ያው ቤተሰብ ነው። እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተነሳች 30 ዓመት አልፏታል፤ ምርታማ ብሎ የጠራት ግን የለም፤ ቃሉን ለመሬትና ለላም ነው የምናውለው። ክሊር ለብቻው ላለ ሰው መጻፉ ለዚህ ይጠቅማል፦ ከቡድን ማምለጥ ለሚፈልግ ሰው የራሱ ሁለት ደቂቃ ትልቅ ነገር ናት። ያንን አልነጥቀውም።

ፍርዴን ልናገር። «አቶሚክ ሃቢትስ» ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው አትጀምሩት። ቤተሰብና ጓደኛ ልማዳችንን እንዴት እንደሚቀርጹ የሚናገረውን 9ኛ ምዕራፍ ቀድማችሁ አንብቡ። ክሊር እዚያ ጋ እውነቱን ነክቶታል፤ የምትፈልጉት ባሕርይ የተለመደበት ቡድን ውስጥ ግቡ ይላል። ከዚያ ግን ቡድኑን እንደ አንድ ተጨማሪ ዘዴ ቆጥሮ ያልፈዋል። ለእኔ መሠረቱ እሱ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

እህቴ ፈተናዋን ጨርሳለች። አሁን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ካለ እሷ ታጠናለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ስልኳን ያነሳች በማግስቱ ዕቃ ታጥባለች። ሠንጠረዥ አልሠራንም። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ግን የታጠበው ዕቃ አብዛኛው የእኔ ተራ ነበር።