ስንጥቅን ቀድሞ ማየት

እንደ እስራኤሏ አሽዶድ ባለ የባሕር ዳር ከተማ የቤት ፍተሻ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ከተማዋ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ዳር ተቆረቆረች፤ ከባሕሩ የሚነፍሰው ጨዋማ አየር ኮንክሪት ውስጥ እየሰረገ በውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ከበረንዳ ሥር የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ቀለም ቢቀቡበት እንኳ ብረቱ መዛጉን አይተውም። «ለባለሙያ የሚከፈለው ይከብዳል» የሚል አለ፤ በብድር ቤት ለገዛ ቤተሰብ በእርግጥም ይከብዳል። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2021 እዚያው እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ውስጥ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሲደረመስ ሰው ያልሞተው፣ ምልክቱ ታይቶ ነዋሪዎቹ በዋዜማው እንዲወጡ በመደረጉ ነው። አሽዶድ ያላችሁ ወገኖች፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይጀምር በረንዳችሁን ከሥር፣ ጣሪያችሁን ከላይ አስፈትሹ።