ሕልም ያልሆነች እንግዳ

ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ባሳተመው «ሶላሪስ» በተባለው ልብ ወለድ፣ የሥነ ልቡና ሊቁ ኬልቪን በሩቅ ፕላኔት ጣቢያ ውስጥ ሊኖር የማይችል ሰው ሲመላለስ ያያል። ያበደ ስለ መሰለው ራሱን ይፈትናል፤ ይኸውም የሰማይ ጉዞ ስሌት ከሳተላይት ጠይቆ፣ መልሱን ሳያይ ራሱ ያሰላዋል። ሁለቱ ተስማሙ፤ እንግዲያውስ አላበደም።

ሌላ ደራሲ ቢሆን ታሪኩን እዚህ ላይ በፈጸመው ነበር። ሌም ግን ገና መጀመሩ ነው። ኬልቪን ተኝቶ ሲነቃ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ራሷን የገደለችውና ዘወትር የሚጸጸትባት ሴት ተቀምጣ ያገኛታል። የፕላኔቱ ባሕር ከትዝታው የቀረጻት ናት፤ ሕልም አይደለችም፤ የሞተችውም አይደለችም።

ሒሳቡ ከእብደት ጥርጣሬ አወጣው እንጂ ከጸጸቱ አላዳነውም፤ እንዲያውም «ቅዠት ነው» ብሎ የሚያመልጥበትን በር ዘጋበት። የመጽሐፉ ቁም ነገር ከዚህ ላይ ይመስለናል፤ እውኑን ከሕልሙ የለየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ለሚያደርገው ሁሉ ተጠያቂ ነው።